ሻሺቱ ፈተና የተቀመጠችበት ረቡዕ

ሻሺቱን መጀመሪያ ላይ አልወዳትም ነበር። ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ፣ ስለዚህ ሐሜት አይሆንብኝም።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ የጋሽ ክብሩ የሂሳብና የኦዲት ቢሮ አለች። ሦስት ሰው ነን። ጋሽ ክብሩ ፈቃድ ያላቸው የሂሳብ አዋቂ ስለሆኑ ይፈርማሉ። ሻሺቱ ትሠራለች። እኔ ጌጤ ደግሞ መዝገቡን፣ ስልኩን፣ ቁልፉንና የሰዉን ጠባይ እይዛለሁ። እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። "ጸሐፊዋ" የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

እሷ ስትመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከገረሴ ደጋ የመጣች፣ ቀጭን፣ ቁጥብ። በመጣች በሳምንቷ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ በቀለም ለይቼ የደረደርኩትን ፋይል መሬት ላይ ዘርግፋ በደንበኛ ስምና በዓመት አስተካከለችው። ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳኋት። በአራተኛው ቀን ጋሽ ክብሩ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሰነድ ሲጠይቁኝ በግማሽ ደቂቃ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ "እንደምን አደርሽ" ማለት ጀመርኩ። መውደዱ ግን ጊዜ ወስዷል።

ያ ፈተና የሚሉት ነገር የመጣው በሁለተኛ ዓመቷ ነው። የተመሰከረለት የሂሳብ አዋቂ ለመሆን አሥራ ሦስት ፈተና ማለፍ አለባት። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም አዲስ አበባ፣ ሁሉም ከራሷ ኪስ። ስትነግረኝ ሳቅሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ሆንሽ አልኳት። እሷም ሳቀችና መጽሐፏን ቀጠለች።

ሥራ እየሠሩ ማጥናት ምን እንደሚመስል ያየሁት በእሷ ነው፣ ቀላል አይምሰላችሁ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ቁልፉን ከቤቴ ትወስዳለች። ቢሮ ገብታ እስከ ሁለት ተኩል ታነባለች፤ ምክንያቱም በሦስት ሰዓት የጫማ መደብሩ ድምፅ ማጉያውን ይከፍትና እስከ ማታ "ቅናሽ፣ ቅናሽ" ሲል ይውላል። ምሳ ሰዓት እኔ ኩርኩፋዬን፣ የበቆሎ ድብልብሌን፣ በሽፈራው ቅጠል ስበላ እሷ በአንድ እጇ ዳቦ በአንድ እጇ እርሳስ ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ወደ ካምባ ለኦዲት ስትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ታነባለች። መንገዱ ሰውን እንደ ቆሎ የሚያምስ ነው፤ የመጽሐፉ ጠርዝ ላይ የጻፈችው ሁሉ ተንጋዶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ምዕራብ ዓባያ ላይ ማስታወሻዋን መኪና ውስጥ ረስታ ወረደችና ሹፌሩን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሹፌሩ ወረቀቱን ለሙዝ መጠቅለያ አድርጎት ነበር፤ ግማሹን ብቻ አገኘች።

ስብሰባ፣ ሠርግ፣ የእቁብ ቀን፣ ሁሉ ቀረባት። አንድ ጥሩ ሰው ነበር፣ መምህር፤ ሁለት ዓመት ጠበቃትና ሌላ አገባ። "ከፋሽ?" ስላት "ፈተናው ካለቀ በኋላ ይከፋኛል" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለቱን አለፈች። የቀረችው አንዲት፣ እሷም የኦዲት ፈተና ናት። ጉድ እኮ ነው። ኦዲት ሥራዋ ሆኖ ሁለት ጊዜ የወደቀችው በኦዲት ነው። ጋሽ ክብሩ ምክንያቱን ያውቁታል። ፈተናው "የመጋዘን ቆጠራ ላይ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ የሚፈልገው በተርታ የተጻፈ መልስ አለው። እሷ ግን ካምባ ላይ የምታደርገውን ትጽፍለታለች፤ የመጋዘን ጠባቂው ለምሳ እስኪወጣ ጠብቃ ከኋላ ያሉትን ጆንያዎች በእግሯ እንደምትገፋ፣ ገለባ የሞላው ቶሎ እንደሚንቀሳቀስ። እውነት ነው፣ ነጥብ ግን አያሰጥም።

ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከባድ ፈተናዎች ከታለፉ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ይሰረዛሉ አለችኝ። የመጨረሻዋን በዚህ ግንቦት ካልተቀመጠች የቀደሙት እየተነሱ ይወድቃሉ። እንደገና ከታች ልትጀምር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ማን እንደገና ይጀምራል?

ጋሽ ክብሩም በፋሲካ ማግስት ጠሩን። ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። "ሐዋሳ ልጆቼ ጋ ልሄድ ነው" አሉ። "ውጤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ካለፍሽ ፈቃዱን አውጪ፣ ቢሮው ያንቺ ነው። ካላለፍሽ ግን የሚፈርም የለም፤ ቁልፉን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።" ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ኮምፒውተር በሁለት ጣት የሚመታ ሰው ማን ይቀጥራል? ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈተናው የእኔም ሆነ።

ማጥናቱን ማገዝ ጀመርኩ። መጽሐፉን አላውቀውም፤ ሆኖም ሻሺቱ አንድ ጨዋታ ፈጠረች። "እትዬ ጌጤ፣ አንቺ ደንበኛ ሁኚ" ትለኛለች። እኔ የማኅበር ሒሳብ ሹም እሆናለሁ፣ አንድ ነገር እደብቃለሁ፤ እሷ እየጠየቀች ታወጣለች። እኔ ደግሞ ውሸት ላይ እንዲህ ጎበዝ መሆኔን ያኔ ነው ያወቅሁት። የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ ታገኘኛለች። "እንዴት አወቅሽ?" ስላት፣ "የጠየቅሁሽን በደንብ ትደብቂያለሽ፤ ያልጠየቅሁሽን ነው የምትነግሪኝ" ትለኛለች። "ስለ ነዳጁ ስጠይቅሽ ስለ ጥበቃው ደመወዝ ነገርሽኝ። ሰው ሳይጠየቅ ሲመልስ እዚያ ላይ መቆም ነው።"

ስለ አባቷ ልንገራችሁ። አቶ ደግፌ ገረሴ ላይ እንሰትና ገብስ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ሻሺቱንና ታላቅ ወንድሟን እንድሪያስን ብቻቸውን አሳድገዋል። የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ሰኞ ሰኞ ገበያ ወጥተው ከአንድ ሱቅ ይደውሉላታል። በስልክ ሲናገሩ እንደ ማዶ ሰው ስለሚጮኹ እኔም እሰማለሁ። ስለ ላሟ ይነግሯታል፣ ስለ ዝናቡ ይነግሯታል፣ ከዚያ "አለቀ ወይ?" ይሏታል። ፈተናው ማለታቸው ነው። "አንዲት ቀርታኛለች፣ አባዬ" ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺው አንዲት ናት የቀረችው። አንድ ቀንም "ምነው አትተዪውም?" ብለዋት አያውቁም።

ፈተናው የግንቦት የመጨረሻው ረቡዕ ሆነ። ሻሺቱ ቅዳሜ ጧት አውቶቡስ ተሳፈረች፣ አዲስ አበባ ገብታ ትንሽ እንድታርፍ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አራት ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ሰጠኋት፣ "መጽሐፉ የሚለውን ጻፊ፣ የካምባን ለካምባ ተዪ" አልኳት። እሺ አለች።

ሰኞ ጧት በሦስት ሰዓት የቢሮው ስልክ ጮኸ። እንድሪያስ ነው። ድምፁን ስሰማ ነው የገባኝ። አባታቸው ሌሊቱን አርፈዋል። እሑድ ደረቴን ወጋኝ ብለው ተኝተው በዚያው ቀሩ።

እንድሪያስ ለእህቱ አልደወለም። በእኛ አገር ሐዘን እንዲያ በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ሰው ሲሞት ዘመድ ለዘመዱ በቀጥታ አይናገርም፤ ለቅርብ ሰው ይነገራል፣ ያ ሰው ጎረቤቱን ሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያረዳል። ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ "አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ድረሺ" ተብሎ ይላካል። እንድሪያስም ያለኝ ይህንኑ ነው። "እትዬ ጌጤ፣ አሟቸዋል በያትና ላኪልኝ። ቀብሩን እስከ ነገ ስምንት ሰዓት አቆያለሁ። ነገ ጧት በአውሮፕላን ብትመጣ ትደርሳለች።"

እኔም "ስልኳ ዝግ ነው" አልኩት።

ወዲያው ነው ያልኩት። አላሰብኩበትም። "ፈተና ላይ ስልክ ይሰበስቡባቸዋል" ብዬም ጨመርኩ። ፈተናው ገና ከነገ ወዲያ ነው። እሱ ከገበሬ ቤት፣ ከሬሳ አጠገብ ሆኖ የፈተናን ደንብ ከየት ያውቃል? አመነኝ። "እባክሽ ሞክሪልኝ" አለ። እሞክራለሁ አልኩት።

ለጋሽ ክብሩ ነገርኳቸው። ቁጭ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና ብዙ ጠረጉት። "ዛሬ ከነገርናት ነገ ትመጣለች" አሉ። አዎ አልኩ። "ከመጣች ረቡዕን አትቀመጥም።" አዎ አልኩ። ከዚያ "መርዶ እኮ በጊዜው ነው የሚነገረው፣ ጌጤ" አሉኝ። "ተቀምጣ ትምጣ።" ሁለታችንም ወግ ነው ብለን ተስማማን። ወጉ ሐዘንተኛው መንገድ ላይ እንዳይጎዳ ነው የተሠራው፤ እኛ ሌላ ነገር ሸሸግንበት።

እውነቱን ልናገር። ያሰብኩት ለእሷ የስምንት ዓመት ልፋት ብቻ አልነበረም። ለወር ደመወዜም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ያኔም አልመዘንኩም፣ ዛሬም መመዘን አልፈልግም። ቀትር ላይ እንድሪያስ ደግሞ ደወለ፤ "አሁንም ዝግ ነው" አልኩት።

በአሥራ አንድ ሰዓት ግን እሷ ራሷ ደወለች።

"እትዬ ጌጤ፣ እንዴት ዋላችሁ?" አለች። ድምፅዋ ደክሟል። ያረፈችበት ቤት ደህና መሆኑን፣ የመፈተኛውን ቦታ ሄዳ ማየቷን ነገረችኝ። "ቢሮ ሰላም ነው?" አለች።

"ሰላም ነው። ጋሽ ክብሩ ደህና ናቸው፣ ሥራም ቀዝቅዟል። አባትሽም ደህና ናቸው፤ አንቺ ፈተናሽ ላይ አተኩሪ።"

የመኪና ጥሩምባ ብቻ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። ከዚያ "እሺ፣ እትዬ ጌጤ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ዘጋችው።

እፎይ አልኩ። ያን ሰዓት የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ አመለጥኩ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ማክሰኞ አቶ ደግፌ ተቀበሩ። እንድሪያስ ሕዝቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቁሞ ጠብቆ ነበር አሉ። ረቡዕ ከሰዓት ከእሷ መልእክት መጣ፣ አንዲት ቃል፦ "ጨረስኩ።"

ሐሙስ ማታ አርባ ምንጭ ገባች። ዓርብ ጎህ ሲቀድ እሷ የተከራየችበት ግቢ በር ላይ ተሰበሰብን። እኔ፣ ጋሽ ክብሩ፣ የቤቱ ባለቤት፣ አምስት የእድር ሰዎች፣ ከገረሴ የወረደው እንድሪያስ። ጋሽ ክብሩ የሚሉትን አዘጋጅተዋል፤ "ሰው ሁሉ ሟች ነው" ብለው ሊጀምሩ ነበር። ግቢው ውስጥ ገብተን እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ የክፍሏን በር ላንኳኳ እጄን ዘረጋሁ። ሳላንኳኳ ተከፈተ።

ሻሺቱ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ከኋላዋ አልጋው ተነስቶ ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከግድግዳው ሥር አራት አግዳሚ ተደርድሯል፤ ከማን እንደተዋሰችው አላውቅም። ለለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚያዘጋጅ እንዲያ አድርጋ አዘጋጅታለች።

"ግቡ" አለች።

ጋሽ ክብሩ ንግግራቸውን ዋጡት። እንድሪያስ እኔን አየኝ፤ ወሬው ያፈተለከው ከእኔ እንደሆነ ነው ያሰበው። ገባንና ተቀመጥን። ያኔ ነው ሰኞ ያልኩት የገባኝ። ስለ አባቷ አልጠየቀችኝም ነበር። ሳትጠይቀኝ መለስኩላት። ሰኞ ነው፣ አባቷ አልደወሉም፤ እኔ ደግሞ ደህና ናቸው አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከዚያ አለቀሰች። ያጠራቀመችውን ነው ያለቀሰችው፤ እንዴት እንደነበር ዝርዝሩን አልናገርም።

ረፋድ ላይ ገረሴ ወጣን። ድንኳኑ አልተነሳም። የሟች እህት ወርቂቱ፣ የሻሺቱ አክስት ናቸው፣ ከመካከል ተቀምጠዋል። አንገቷን አቅፈው አለቀሱባት። ሲበርድላቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፣ መቼ ሰማሽ?" አሏት። ይህን የጠየቁት ለክፋት አልነበረም፣ ሁሉም ሐዘንተኛ የሚጠየቀው ነው።

እንድሪያስ ቀደማት። "ዛሬ ጧት ነው ያረዳናት፣ አክስቴ። ስልኳ ዝግ ነበር።"

እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ያልሰማ ሰው አይወቀስም። እኛ ዋሽተን ንጹሕ አድርገናታል፣ የሚቀርላት መቀመጥ ብቻ ነበር።

"አይደለም" አለች። "ሰኞ ነው ያወቅሁት። ማንም አልነገረኝም። አባዬ ሰኞ አልደወለም፣ አወቅሁ። ማክሰኞ መምጣት እችል ነበር፤ አውሮፕላን ነበር። አልመጣሁም። ፈተናዬን ተቀምጬ መጣሁ።"

ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ተነጋገሩ፤ "ጎሜ" ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሊያደርገው የማይገባ፣ በዘር የሚከተል ጥፋት ማለት ነው፤ ጋሞ ሲያዝን ከዚህ የከበደ ቃል የለውም። ወርቂቱ እጃቸውን ከፊቷ ላይ አነሱ።

እንድሪያስ ተነሳ። ሲናገር አልጮኸም። "አላወቀችም ብዬ ለአገር ተናግሬያለሁ" አለ። "ሬሳ ይዤ ሕዝብ አቁሜ ጠብቄሻለሁ። መንገድ ላይ ሰው አቁሜልሻለሁ። አሁን ውሸታሙ እኔ ሆንኩ።" ከዚያ ከድንኳኑ ወጣ፣ እስክንሄድ አልተመለሰም።

እኔስ? እኔ የት ነበርኩ? እዚያው፣ ከእሷ ሦስት ሰው ዝቅ ብዬ፣ ንፍሮ በእጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር። "ስልኳ ዝግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞ ማታ አናግሬያታለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያ ተረት የተነገረው እንደ እኔ ላለው ነው። እሷም ወደ እኔ ዞራ አላየችም። ማን ምን እንዳላት አልተናገረችም፤ ጥፋቱን ሁሉ ለራሷ ወሰደችው።

ሰኞ ሥራ ገባች። የሰኔው የበጀት መዝጊያ እየደረሰ ነበር፣ ማኅበራቱ ሁሉ የዓመት ሒሳባቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቀና የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ጥቁሯን ለብሳ ካምባ ወጣች፣ ምዕራብ ዓባያ ሄደች፣ ቆጠረች፣ ጻፈች። ለእኔ እንደ ድሮው "እትዬ ጌጤ" ነው የምትለኝ። ያ ነበር የከፋኝ። ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ፤ ሳምንት ሙሉ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ።

የአርባው ቀን ገረሴ ሄድኩ። ሻሺቱም መጥታለች፤ ከሴቶቹ ራቅ ብላ ከደጃፉ አጠገብ ተቀምጣለች፣ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ሰላም አላት። እንድሪያስ ሳህን ሲያዞር በአጠገቧ አልፎ ሄደ። አልቻልኩም። ከእንሰቱ ጓሮ ብቻውን ሲወጣ ተከተልኩት።

"እንድሪያስ" አልኩት፣ "ስልኳ ዝግ አልነበረም። ሁለቱንም ጊዜ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ሰኞ ማታ ደውላ አናግራኛለች፤ አባትሽ ደህና ናቸው ብያታለሁ።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን የእንሰቱን ቅጠል ያዘ። ፊቱ ቁርጥ የአባቱ ፊት ነው። "ብትነግሪያት ትመጣ ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

"እኔም አላውቅም" አለ። "ሌላው ሁሉ አልፏል፣ እሱን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌሊት ያነቃኛል።" ጥሎኝ ወደ ድንኳኑ ገባ። ለማንም አልተናገረብኝም፤ ወርቂቱ ስወጣ "ደህና ግቢ፣ ልጄ" ብለው ሸኙኝ። ያ ሽኝት አቃጠለኝ።

ውጤቱ የመጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ሻሺቱ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ስልኳን አየች፣ አስቀመጠችው፣ ደግማ አነሳችው። "አልፌያለሁ" አለች። ዝናብ ጀመረ እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ጋሽ ክብሩ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። እኔ እልል ልል አፌን ከፈትኩና ጥቁር ልብሷን አይቼ ዘጋሁት። ያን ለት ምሳ እሷው ጋበዘችን፣ ዓሣ። ሁለት ጉርሻ በላችና ተወችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው። ለፈቃዱ ማመልከት፣ ማስረጃ ማሟላት፣ አዲስ አበባ መመላለስ። ጥቅምት ላይ ፈቃዷ ወጣ፣ ጋሽ ክብሩም ማኅተማቸውን መልሰው ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሐዋሳ ሄዱ። ስሟ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔም አለሁ፣ ደመወዜም ጨምሯል። ከዚያ በፊት ለመስቀል ገረሴ አልወጣችም ነበር። ጋሞ ሆኖ ለመስቀል ቤቱ ያልወጣ ሰው እንደሌለ ቁጠሩት፤ የተጣላ እንኳ የሚታረቀው ያኔ ነው። እሷ ግን በሯን ዘግታ ዋለች።

አንድ ቀን፣ የሰው ግርግር በሌለበት ከሰዓት፣ አሁን ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም አልኩና ከፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለእንድሪያስ የነገርኩትን ነገርኳት። አልገረማትም። "ነግሮኛል" አለች፤ "ደውሎ ነበር።"

"ሻሺቱ፣ ያን ሰኞ ማታ ብነግርሽ ኖሮ ትመጪ ነበር?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ያኑ ሌሊት" አለች። "አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ አድር ነበር።"

"ፈተናውን ትተሽ?"

"አባትሽ ሞተ የተባለ ሰው ምን ምርጫ አለው፣ እትዬ ጌጤ? እመጣ ነበር። አባቴን እቀብር ነበር። ፈተናው ያመልጠኝ ነበር፣ ቢሮውም ይዘጋ ነበር፣ እኔም የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብዬ እኖር ነበር። አንቺ ስትዋሺኝ ግን የማውቀውን እንዳላወቅሁ ማድረግ ቻልኩ። ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ጧት አዲስ አበባ እዚያች ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴ መረጥኩ። ማንም አላስገደደኝም።" እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። "ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።"

ይቅርታ ማለት እንኳ አነሰብኝ፤ ቢሆንም አልኩት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የካምባውን ማኅበር ፋይል ጠየቀችኝ። አመጣሁላትና ፈረመችበት።